የጉና ሽኮኮዎችና የእንጨቱ ንስር

ተረት ተረት።

የላም በረት።

አንድ ጊዜ በጉና ገደል ስንጥቅ ውስጥ የሽኮኮ አገር ነበር። ጉናን ያየ ያውቀዋል። ከ4,100 ሜትር በላይ ሽቅብ የወጣ፣ ማለዳ በጉም ተከናንቦ የሚነቃ፣ ርብንና ጉማራን ከጎኑ አፍልቆ ወደ ጣና የሚሸኝ ተራራ ነው። ጅብራው በየሜዳው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል። ሽኮኮዎቹ ግን ወፍራም ጠጉር ስላላቸው ብርዱን አይፈሩም ነበር። የሚፈሩት ንስርን ነው።

ጥቁሩ ንስር ብዙ ጊዜ ብቻውን አያድንም። ባልና ሚስት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ ከፊት ለፊት ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ዘብ የቆመው ሽኮኮ አይቶ ይጮኻል፤ ያገሩ ሽኮኮ ሁሉ ወደዚያ ያንጋጥጣል። ያን ጊዜ ሁለተኛው በፀሐይ በኩል፣ ዓይን በማይችለው ብርሃን ውስጥ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ጥላው በጓሳው ላይ ሽው ብሎ ሲያልፍ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ይጎድላል። እናት ማታ ልጆቿን ወደ ጉድጓድ ስታስገባ ትቆጥራለች። ሲጎድልባት እንደገና ትቆጥራለች። ከዚያም እንደገና። ያገሩ ልጅ ሁሉ ቁጥር የሚማረው ከእናቱ እንዲህ ሲሰማ ነበር።

በአንድ መስከረም ንስሮቹ ከአንድ ገደል ብቻ ሰባት ልጅ ወሰዱ። ሸንጎ ተጠራ፤ በትልቁ ኮሶ ሥር ተቀመጡ። ጃርት መጣ፤ ፍልፈል ዓይኑን እያሻሸ መጣ፤ ሸረሪት መጣች፤ ንብ መልእክተኛ ላከች፤ አያ ዝንጀሮም መጣ። የሽኮኮዎቹ አለቃ ተነሣና እንዲህ አለ፦

«አባቶቻችን ሲሸሹ ኖሩ፤ እኛም ሸሸን። ጉድጓዳችንን ባጠለቅን ቁጥር ንስሩ ትዕግሥቱን አስረዘመ፤ ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ከሰማይ የመጣን ነገር ከጉድጓድ ሆኖ የመለሰ የለም። የራሳችንን ንስር እንሥራ። ከእንጨት እንሥራው፤ ከገደል አፋፍ እንልቀቀው፤ ሰማዩ የነሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁት።»

ሸንጎው በእልልታ ቀለጠ። እልልታው ሲበርድ አንዲት አሮጊት ሽኮኮ፣ «ማን ይሠራዋል?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ዝም አለ። መልሱ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቁታል።

ከጉና በታች፣ በደብረ ታቦር አቅጣጫ፣ በደረቀ ወይራ ላይ ግንደ ቆርቁር ይኖር ነበር። እንጨት በአፉ የሚፈለፍል፣ የሚያለዝብ፣ የሚያጋጥም፣ ባገሩ ከሱ ሌላ የለም። ግን በቀን ስሙን የሚጠራ አልነበረም። ልጅ ካተኮሰው «ቆርቋሪው በልቶት ነው» ይባላል። ሠርግ አይጠሩትም፤ ልቅሶ ሲደርስ ለብቻው ይቀመጣል፤ ልጁን የሚያገባለት የለም። የጉድጓዱ መዝጊያ የተሰነጠቀበት፣ ሙቀጫው የተሰበረበት ሁሉ ግን ጀምበር ስትጠልቅ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ወይራው ይወርዳል። ማታ ማታ «አያ ግንደ ቆርቁር» ነው፤ ሲነጋ «ያ ቡዳ» ነው።

ይህን ስናገር ስለ ሽኮኮ ብቻ እንዳልሆነ ያገሬ ሰው ያውቃል። ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን፣ ማጭዱን የሚስልለትን፣ ለልጁ ማተብ መስቀሉን የሚያበጅለትን ጠይብ «ቡዳ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ወገን ነን። እንጀራችን በሱ እጅ አልፎ እየመጣ እጁን ግን ተጸየፍነው። ስለዚህ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ወደ ተረቱ ልመለስ። አለቃው ራሱ በሌሊት ወረደና ለመነው። ግንደ ቆርቁር ብዙ አላመነታም። «ለንስር ለንስርማ የኔም ጫጩቶች ይበላሉ» አለና መጣ።

ሥራው ሰባት ክረምት ፈጀ። አገሩ ያለውን ሁሉ ሰጠ። ጃርት ለጥፍር የሚሆን ወስፌውን ነቅሎ አመጣ። ሸረሪት ድሯን ገመደች፤ ንብ ሰም ሰጠች፤ ፍልፈል እንጨቱ የሚደርቅበትን ጉድጓድ ቆፈረ። እናቶች ለክረምት ካስቀመጡት ሣር እየቀነሱ ሠራተኛውን ቀለቡ። መጀመሪያ የተጠየቀው ቀላል ነበር፤ ንስሩን ከገደሉ የሚያርቅ አንድ የሚበር ነገር። በሁለተኛው ዓመት ሸንጎው «ሌሊትም ማየት አለበት» አለ፤ ለዓይን ሁለት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ተጨመረ። በሦስተኛው «ድምፅ እንዳያሰማ በላባ ይሸፈን» ተባለ። በአራተኛው «ጥፍሩ ሆዱ ውስጥ ይደበቅ፤ ለአደን ሲሆን ብቻ ይውጣ» ተባለ። በአምስተኛው «ሁለት ሰው ይያዝ፣ ስንቅም ይያዝ» ተባለ። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ክንፉ ይሰፋል፤ ክንፉ በሰፋ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። ግንደ ቆርቁር አልተናደደም። በየዓመቱ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

አብራው የምትሠራ አንዲት ወጣት ሽኮኮ ነበረች፤ ያች «ማን ይሠራዋል?» ያለችው አሮጊት የልጅ ልጅ። እናቷ «ዓይኑ ይወጋሻል፣ አትቅረቢው» ብትላትም ትቀርበው ነበር። ሽኮኮ ከላይ ሁለት ረጃጅም የፊት ጥርስ አለው፤ እሷ በነዚያ መላግ ተማረች። ከሁሉ የወደደችው የክንፉን መጋጠሚያ ነበር። ግንደ ቆርቁር ከወይራ እንብርት አንድ ሹል ችካል ፈለፈለ፤ ከኮሶ ደግሞ ችካሉ የሚገባበትን ቀዳዳ። ቀዳዳው ክብ አልነበረም፤ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ የተንሻፈፈ ነው። ችካሉን በሰም ቀብቶ አስገባው፤ ከበስተኋላው የተገመደ ድር ወጠረበት። ክንፉ ነፋስ ሲገፋው ይታጠፋል፤ ነፋሱ ሲለቀው ያለማንም እጅ ራሱ ይመለሳል። «ጥበቡ ያለው ከችካሉ አይደለም» አላት፤ «ካጠፋሽው ቀዳዳ ነው። ስንት ጊዜ አበላሽተሽ እንደምታገኚው ግን አልነግርሽም፤ አንቺው ቁጠሪው።» አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አበላሸች። በሃያኛው መጋጠሚያው ቀጭ ብሎ ተመለሰ።

ሁለት የእንጨት ንስር ተሠራ። በሰባተኛው ዓመት ጥቢ፣ ጉሙ በተገለጠ በአንድ ማለዳ፣ ያች ወጣት ከፊተኛው ሆድ ገባች፤ ከአፋፉ ለቀቁት። ወደቀ፣ ወደቀ፣ የገደሉን ግማሽ ወደቀ፤ ከዚያ ክንፉ ቀጭ ብሎ ተዘረጋና ነፋሱ ተቀበለው። ከርብ ምንጭ በላይ አንድ ዙር ዞሮ ጓሳው ላይ አረፈ። ጥቁሮቹ ንስሮች ከሩቅ ሆነው አዩት፤ ያን ቀን አልመጡም። የዚያን ዕለት የነበረው ደስታ ከፋሲካ አይተናነስም ነበር።

ግን ሰባት ዓመት ብዙ ነው። በነዚያ ዓመታት እርሻ ከታች ወደ ላይ፣ ከቆላው ወደ ውርጩ ወጥቶ ነበር። ገብስና ድንች ጓሳውን እየገፋ መጣ፤ አስታው ለማገዶ ተቆረጠ። ሣሩ ሲመናመን ንስሮቹም ወደ ሌላ ገደል እየራቁ ሄዱ። በነሱ ፋንታ ሙጭልጭላ መጣ። ሙጭልጭላ ሰማይ አይወጣም፤ በሌሊት በጉድጓዱ አፍ ነው የሚገባው። እናቶች ጠዋት ሲቆጥሩ እንደገና ይጎድልባቸው ጀመር። የእንጨቱ ንስር ግን ጉድጓድ አይገባም።

ሸንጎው እንደገና ተቀመጠና ሥራው ይቁም አለ። እዚህ ላይ ሸንጎውን አልወቅስም። ጠላት መንገዱን ሲለውጥ ለድሮው መንገድ የተሠራውን መሣሪያ ይዞ መንገታገት አለቃን አያስከብርም። ማቆሙ ልክ ነበር። ክፉው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ በተጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው፤ የቀረው ምን ይሁን?

ጃርት «ወስፌዬ ይመለስልኝ» አለ። አለቃው፣ «አገሩ ሁሉ የለፋበት ነው፤ እስከ ጉና ራስ ጎትተን እናውጣውና ይቁም፤ ያየ ሁሉ ይፍራን፤ ልጆቻችንም ይኩሩበት» አለ። አያ ዝንጀሮ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ መጀመሪያም ፈርቼ ነበር» አለ። «ሣሩ የደረቀው፣ ሙጭልጭላው የመጣው ያ ቆርቋሪ ቀን ለቀን በመካከላችን መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ነው። ዓይን አለበት።» ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ያን ጊዜ መሬቱ ተንቀጠቀጠና ተራራው ተናገረ። አባ ጉና የሚናገረው ከስንት ዘመን አንድ ጊዜ ነው።

«ልጆቼ፣ ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት የሰማሁ ነኝ። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ በወሬ ሰማሁ። ደብረ ታቦርን መቀመጫ ሲያደርጉ ግን በዓይኔ አየሁ። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ፈረንጆች እዚያ ሰፈሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ነበሩ። ንጉሡ ‹መድፍ ሥሩልኝ› አሏቸው። ‹አናውቅበትም› አሉ። ‹ሞክሩ› አሏቸው። ሞከሩ፤ ከሸፈ። ተቈጥተው ያባርሯቸዋል ብዬ ስጠብቅ ንጉሡ ‹እንደገና ሞክሩ› አሏቸው። ቀስ በቀስ ወጣላቸው። ያገሩም ልጆች አብረው ነበሩ፤ ከሰል ይሸከማሉ፣ ወናፍ ይነፋሉ፣ ቅርጽ ያበጃሉ፣ እያዩ ይማራሉ። ሌሊት የምድጃው ብርሃን እስከዚህ እስከ ብብቴ ድረስ ይታየኝ ነበር።

«በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን አንድ ትልቅ መድፍ ተሠራ። ሴባስቶፖል አሉት፤ በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ። ግን ልጆቼ፣ መድፉ ሲያድግ አገሩ እያነሰ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ንጉሡ ተቈጡ፤ ቆንስሉን ካሜሩንን አሰሩ፤ ነገሩ ተካረረ። ወዲህ ደግሞ መኳንንቱ እየከዱ፣ ገበሬው እየሸሸ፣ ጦራቸው እየተመናመነ ሄደ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋፋትም በዚያው ባዶዋን ቀረች።

«ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። መንገድ አልነበረምና መንገድ እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ ከፈረስ ወርደው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ልፋት የትኛውም ተራራ አላየም። የዥጣን ገደል ወረዱ፣ የበሽሎን ገደል ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ደግሞ ከባሕር፣ ከዙላ ተነሥቶ ይመጣ ነበር፤ ከ40 በላይ ዝሆን መድፍ ተሸክሞለት። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ተዋጉ። የንጉሡ ሰዎች ወደ 700 ያህል ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ያ ሁሉ የተጎተተው ሴባስቶፖል ያን ቀን ጠላትን አልመለሰም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

«ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። ምስሉም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ልጆች ሲያልፉ ያዩታል፤ ደግ ነው። ናፒየር ሲመለስ የጋፋት ፈረንጆች አብረውት ወጡ። ወናፍ ሲነፉ የነበሩት ያገር ልጆች ወደየመንደራቸው ተበተኑ። ስለ ሴባስቶፖል ሲፎከር ስንት ጊዜ ሰማሁ። ወናፉን ስለነፋው ልጅ ሲዘፈን ግን አንድ ቀን አልሰማሁም። የጋፋት ምድጃ ከጠፋ ወዲህ ማታ ማታ ወደዚያ ስመለከት ጨለማ ነው።»

ተራራው ዝም አለ። በኮሶው ላይ በዓመት አንዴ ከሩቅ የምትመጣው ሽመላ አርፋ ነበር። አንገቷን ቀና አደረገች።

«አባ ጉና፣ የቀረውን እኔ ልሙላ፤ መንገዴ በዚያ ነው» አለች። «በየዓመቱ ስመጣ በሊባኖስ ተራሮች ላይ አልፋለሁ። ከቤይሩት በላይ ብሩማና የምትባል መንደር አለች። ያ ጋፋት የነበረው ቫልድማየር እዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ትምህርት ቤት አቆመ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ከዚያም አስፉሪያ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከፈተ። ሞሪትዝ ሃል ደግሞ ያፋ ሰፈረ። ከጋፋት የወጡ እጆች በሰው አገር ምድጃቸው አልጠፋም።

«ከባሕር ማዶ ወፎች የሰማሁትንም ልንገራችሁ። አሜሪካኖችም እንደናንተ ከሰማይ የሚያጠቃ የብረት ተርብ ለመሥራት ተነሥተው ነበር። ሄሊኮፕተር ይሉታል። መጀመሪያ ቼየን የሚባል ሠሩ፤ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 በረረ፣ በ1972 አቆሙት። ከዚያ ደግሞ ኮማንቺ የሚባል ጀመሩ፤ በራዳር በቀላሉ የማይታይ፣ ሚሳይሉ ሆዱ ውስጥ የሚደበቅ። አንድ ጠላት በዓይናቸው ይዘው ሲጀምሩ፣ ሲጨርሱ ጠላቱ ሌላ ሆነ። ሰው ሳይጭን የሚበር ድሮን መጣ፤ የኮማንቺም ክብደትና ዋጋ እያደገ ሄደ። ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ ሁለት ብቻ ተሠርቶ፣ በ2004 ‹ይቁም› ተባለ። ሁለቱን አላባማ ውስጥ ባለው የጦር አውሮፕላን ሙዚየም አኖሯቸው።»

«እንግዲህ እነሱም አኖሩት!» አለ አለቃው፤ «እኛስ ጉና ራስ ላይ ብናኖረው?»

«አኖሩት። ግን ገንዘቡን አብረው አልቀበሩትም፤ ለሌሎቹ ሄሊኮፕተሮች ማደሻና መግዣ አዞሩት። ለኮማንቺ ብለው የሠሩት ሞተርም ዛሬ በሌላ አካል ውስጥ ይጮኻል፤ የእንግሊዝ ዋይልድካት በሱ ይበራል፣ የቱርክ አታክም በሱ ይበራል። ቼየን ሲቀር የሱን ስሕተት አይተው አፓቼን ሠሩ። ሥራውን ሲያቆሙ የሠራተኛውን እጅ አልቆረጡም።»

ጃርት ወስፌውን ነቀነቀ። «እነሱ ሀብታም ናቸው» አለ፤ «ሀብታም የጣለውን መልሶ ያነሣል። እኛ ድኾች ነን።»

አሮጊቷ ሽኮኮ ተነሣች። «ልጄ፣ ድኻ ነው እንጂ ቁራጭ የማይጥል» አለችው። «እኔ ቤት የሰባራ ገል እንኳ ጨው ያኖራል። አንድ ሰው እጁ ላይ ሰባት ዓመት የተማረውን ነገር አውጥቶ መጣል ነው ሀብታምነት። እኛ ምን አለንና ነው ግንደ ቆርቁርን የምንጥለው? መዝጊያ እየሠራ፣ ልጆቻችንን እያስተማረ ይኑር። ንስሩ ፈርሶ ለጉድጓድ ደጅ ይሁን።»

ሸንጎው አሮጊቷን አክብሮ ሰማት። ከዚያ ተነሥቶ ገመድ አመጣ።

ፊተኛውን የእንጨት ንስር ወደ ጉና ራስ መጎተት ጀመሩ። በጋው ሙሉ አለቀበት። ሣር የሚያጭዱት ጎበዛዝት ገመድ ላይ ዋሉ፤ የክረምቱ ድርቆሽ ሳይሰበሰብ ቀረ። አንዱ ክንፍ አለት ላይ ተሰበረና በልጥ ታሰረ። ሲወጣ ግን ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ከጅብራዎቹ መካከል አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በድንጋይ ዓይኑ ወደ ጣና እያየ ቆመ። ልጆች በዙሪያው ጨፈሩ፤ እኔም እዚያ ብኖር አብሬ እጨፍር ነበር።

በዚያው ሌሊት፣ ጭፈራው ሳያልቅ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በግንደ ቆርቁር ወይራ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። አንዱ ድንጋይ ጎጆው አፍ ላይ አረፈ። ጫጩቶቹ ተርፈዋል። እሱ ግን እስኪነጋ አልጠበቀም። ወጣቷን ሽኮኮ በጨለማ ቀስቅሶ አንድ ነገር በእጇ አስያዛት፤ የሁለተኛውን ንስር የክንፍ መጋጠሚያ፣ ችካሉንና ቀዳዳውን፣ ሰሙ ገና ያልደረቀ። «ይቅር በለን፣ አያ» አለችው። «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አላት። ጫጩቶቹን ይዞ ወደ ማን አገር እንደሄደ አልተናገረም።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ዓመት በረዶ እንደ ዕንቍላል ነበር ይባላል። ንስሩ ተራራው ራስ ላይ ቆሟል፤ ሙጭልጭላውም ከሥሩ አልፎ ይወርዳል። አሮጌው መዝጊያ ሁሉ በሰበሰ። ሽኮኮዎች በሌሊት ጋቢ ተከናንበው ወደ ደረቁ ወይራ ወረዱ፤ ከጎጆው ውስጥ ነፋስ ብቻ ያፏጫል። አፍረው ተመለሱ። ጉድጓዳቸውን በድንጋይ ቢደፍኑት ጠዋት ድንጋዩ ከውስጥ አልገፋ አለ፤ ክፍቱን ቢተዉት እናቶች ጠዋት ሲቆጥሩ ጎደለባቸው።

ወጣቷ ሽኮኮ መጋጠሚያውን ከራስጌዋ አድርጋ ትተኛ ነበር። አንድ ሌሊት የጎረቤት እናት ስትቆጥር ሰማቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆም። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተነሣችና መጋጠሚያውን በዳበሳ አገላበጠችው። ነፋስ ሲገፋው ይታጠፋል፤ ሲለቀው ራሱ ይመለሳል። በአንድ ወገን ብቻ። ገልብጣ ያዘችው። ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ፣ ከውጭ ቢገፉት ግን ንቅንቅ የማይል መዝጊያ ታያት።

በማግሥቱ ከጉድጓዱ ደጅ የኮሶ ሳንቃ አጋድማ ሥራ ጀመረች። የጥርሷ ድምፅ በገደሉ ውስጥ አስተጋባ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከሰባት ወር በኋላ ያ ድምፅ መሰማቱ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም አለ። አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። አንዱ ሦስት ጊዜ ትፍ ትፍ አለ።

እናቷ እየሮጠች መጣች። «ልጄ፣ ባክሽ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በማርያም ይዤሻለሁ። ሥራሽን አልከለክልሽም፤ ግን ማታ ማታ አድርጊው። ሰው ካልሰማ ነገር የለም። ቀን ከሰሙሽ ስምሽ ይወጣል፤ ማን ያገባሻል?»

ልጅቱ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አፏ የእንጨት ስብርባሪ ሞልቶበታል። ምንም አልመለሰችም፤ ጎንበስ ብላ ቀዳዳው ላይ ቀጠለች። ፀሐይዋ ከጉና ራስ በላይ ወጥታለች፤ የቆመው ንስር ጥላ እስከ ደጃቸው ደርሷል። እናት ግራ ቀኝ አየች። ሰዎቹ አሁንም ቆመዋል።

ሳንቃው እየተንሸራተተ ለልጅቱ አስቸግሯት ነበር። እናት ጋቢዋን ከራሷ አወረደች፤ ፊቷ ለሁሉም እየታየ ቁጭ አለችና የሳንቃውን ጫፍ በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችላት።